በላስታ ስም የሚፈርም ማን ነው?

በሌላ ሰው ስም የሚሸጥ፣ የሚዋዋል ወይም ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሦስት ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ የለበትም። ማን ላከህ? የተላክኸው እስከ ምን ድረስ ነው? የተቀበልኸውንስ ለላከህ ሰው አስረከብህ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2179 እስከ 2265 ስለ ውክልና የደነገገው ሁሉ ቢጨመቅ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ አይርቅም። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። በላሊበላና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ በሰው ስም ከሚንቀሳቀሱት መካከል ስንቶቹ እነዚህን ጥያቄዎች ተጠይቀው ያውቃሉ? ካልተጠየቁስ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ ነው?

ላሊበላን ያነሣሁት ከተማዋ የምትኖረው በአደራ ስለሆነ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ጎብኚ ቋንቋውን አያውቅምና ዋጋውንም መንገዱንም ለአስጎብኚው ይተዋል። ዋሽንግተን የምትኖር የላስታ ልጅ ቤት የምታሠራው በወንድሟ ፊርማ ነው። ስለ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ ድርጅት ጋር የሚዋዋለው አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ነው። ለገና በእግሩ ተጉዞ የመጣ ምዕመን ስለቱን አግብቶ፣ የ«ቤዛ ኩሉ»ን ዝማሬ ሰምቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ የት እንደደረሰ አያይም። ሁሉም እጁን ለሌላ ሰው አውሷል። እጁን ያዋሰ ሰው እጁ ምን እንደሠራ ሊነገረው አይገባም?

የሕጉ አወቃቀር ለማንም የሚገባ ነው። ወካይ አለ፣ ወኪል አለ፣ ከወኪሉ ጋር የሚዋዋል ሦስተኛ ወገን አለ። ወኪሉ በወካዩ ስም፣ በተሰጠው ሥልጣን ልክ ከተዋዋለ ውሉን ራሱ ወካዩ እንዳደረገው ይቆጠራል። ቁጥር 2189 የሚለው ይህንን ነው። መብቱም ዕዳውም ወካዩ ላይ ያርፋል። አንድ ሰው በሌለበት፣ በማያውቀው ቀን፣ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር ግዴታ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ይህን ያህል ኃይል የሰጠ ሕግ በልዋጩ ከባድ ግዴታ ጭኗል። ወኪሉ ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት (2208)። የሚሠራው ለወካዩ ጥቅም ብቻ ነው፤ ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው ለራሱ ምንም ጥቅም ማግኘት አይችልም (2209)። ወካዩ በጠየቀው ጊዜ ሁሉ ሒሳብ ያቀርባል (2213)። ኃይሉን ተቀብሎ ግዴታውን የጣለ ሰው አሁንም ወኪል ሊባል ይችላል?

ማን ላከህ?

በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል ተሰረቀ። ወደ 7 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሕመምተኛው ጎንበስ ሲል ካህኑ ጀርባውንና ወገቡን የሚዳስሱበት፣ የላስታ ሰው ፈውስ አገኘሁበት ብሎ የሚመሰክርለት መስቀል ነው። ቤልጅየም ውስጥ በአንድ የቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰብሳቢው 25 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ እንደገዛው፣ ሲመልስም ያንኑ ያህል እንደተከፈለው በጊዜው ተዘግቧል።

ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የምንተርከው እንደ ሌብነት ነው። ሌብነት መሆኑ እውነት ነው። ግን አንድ ሌባ ብቻውን ንግድ አይሠራም። ከእርሱ የገዛው ሰውስ ሻጩን «ይህን እንድትሸጥ የላከህ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር? ቢጠይቀው ኖሮ ሻጩ የማንን ስም ይጠራ ነበር? የደብሩን አለቃ? አለቃው መስቀሉን የሚጠብቁ እንጂ የሚሸጡ አይደሉም። የሀገረ ስብከቱን? የሚኒስቴሩን? ማንም ሰው ራሱ የሌለውን ሥልጣን ለወኪሉ ሊሰጥ አይችልም፤ የውክልና ሕግ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ለአፍሮ አይገባ ሽያጭ ውክልና ሊሰጥ የሚችል ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ስለዚህ ገዢው ያንን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ማንኛውም መልስ ሐሰት መሆኑን ወዲያው ባወቀ ነበር።

«በቅን ልቡና ነው የገዛሁት» የሚል ክርክር አለ። የእኛም ሕግ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በቅን ልቡና የገዛን ሰው በመርሕ ደረጃ ይጠብቃል፤ የተሰረቀ ዕቃ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተፈረመው ስለ ተሰረቁ ባህላዊ ቅርሶች የሚናገረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ የተሰረቀ ቅርስ የያዘ ሰው እንዲመልስ ያዛል፤ ካሳ የሚያገኘውም አለማወቁን ብቻ ሳይሆን ሲገዛ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ ነው። ታዲያ 7 ኪሎ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ከነጋዴ እጅ ገዝቶ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ይቻላል? መስቀሉ መመለሱ ከገንዘቡ እንደሚበልጥ አምናለሁ፤ የከፈሉትንም ሰዎች አልወቅስም። የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ገንዘቡ ሲመለስለት ለሚቀጥለው ገዢ ምን አስተማርነው?

ዛሬ ካህኑ አፍሮ አይገባን ከመጋረጃው ውስጥ አውጥተው ለጎብኚ ሲያሳዩ ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ። የካሜራው ብልጭታ ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ዓይን ስለሚጎዳ ነው። ካህኑ ዓይናቸውን፣ ዘበኛው በሩን ይጠብቃል። ጥያቄውንስ ማን ይጠብቃል? በከተማው መንገድ ላይ «የአያቴ ነው» እየተባለ ብራናና አሮጌ መስቀል ለጎብኚ ሲቀርብ፣ ጎብኚው «አያትህ ይህን ከየት አመጡት? ያንተ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀትስ አለህ?» እንዲል ያስተማርነው መቼ ነው? ትኬት ሲቆርጥ ይህን የሚነግረው አንድ ገጽ ጽሑፍ መስጠት ይህን ያህል ይከብዳል?

እስከ ምን ድረስ?

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንግባ። ውጭ አገር የሚኖሩ የላስታ ልጆች ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአክስት ልጅ የሚሰጡትን የውክልና ወረቀት ተመልከቱ። ቃሉ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «በስሜ ተመዝግቦ የሚገኘውንና ወደፊትም የሚመዘገበውን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ፣ ጠበቃ እንዲወክል...»። ይህ ሁሉ ሥልጣን በግማሽ ገጽ ይሰጣል፣ ኤምባሲ ላይ ይፈረማል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ወንድም የእህቱን ሕይወት ሙሉ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ሕግ አውጪው ያሰበው ይህን ነበር? ቁጥር 2203ና 2204 ጠቅላላ ውክልና ከማስተዳደር በላይ ሥልጣን እንደማይሰጥ ይናገራሉ። ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ሰብልን ወይም ቢቆይ የሚበላሽን ዕቃ መሸጥ፤ ድንበሩ ይህ ነው። ቤት መሸጥና በዋስትና ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ መክሰስና መከሰስ ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ሕጉ እነዚህን ለይቶ ያወጣው ወካዩ በእያንዳንዱ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው ሁሉንም ከአንድ ቅጽ ገልብጦ ሲደረድራቸው ያ ማሰብ የት ሄደ?

ሰነዱን የሚያረጋግጠው ሠራተኛ «የትኛውን ቤት ነው የሚሸጠው? ከስንት ብር በታች እንዳይሸጥ ትፈልጊያለሽ? ገንዘቡ በማን የባንክ ሒሳብ ይግባ? ውክልናው እስከ መቼ ይቆያል?» ብሎ ጠይቆ ያውቃል? ከጠየቀ እጅግ መልካም። ካልጠየቀ የማረጋገጡ ሥራ ፊርማንና መታወቂያን ከማስተያየት በምን ይለያል? ለሃያ ዓመት ሕፃን ተንከባክባ፣ ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለምታስረክብ ሴት አራት ጥያቄ መጠየቅ ከሥራው ጋር አይሄድም?

ወኪሉ ቤቱን ለራሱ ቢሸጠውስ? ቁጥር 2188 እንዲህ ያለውን ውል ወካዩ ሊያፈርሰው እንደሚችል ይናገራል። ለሚስቱ ወንድም ቢሸጠውስ? የጥቅም ግጭት መኖሩን ገዢው ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቁጥር 2187 በር ይከፍታል። ግን መብቱ በጊዜ የተገደበ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለችው እህት ቤቷ መሸጡን ከጎረቤት በስልክ የምትሰማው መቼ ነው? ደግሞስ ላሊበላ ላይ የሚገዛው ሰው ሻጩ የባለቤቲቱ ወንድም መሆኑን እያወቀ ለባለቤቲቱ አንድ ጊዜ ስልክ መደወል ያቃተው ለምንድን ነው? የሦስተኛ ወገን ቅን ልቡና የሚለካው በማመኑ ብቻ ነው ወይስ በመጠየቁም?

ውክልና መሻርም እንዲሁ ነው። ቁጥር 2182 ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሥልጣኑን ሊቀንስ ወይም ሊሽር እንደሚችል፣ «አልሽርም» ብሎ የሚገባው ውልም ዋጋ እንደሌለው ያስቀምጣል። ይህ ለወካዩ ትልቅ ጋሻ ነው። ግን በቁጥር 2195 መሠረት የሻረውን ወረቀት ካላስመለሰ፣ ውክልናውን ላሳወቀው ሰው መሻሩንም ካላሳወቀ ከወኪሉ ጋር አብሮ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። በስልክ «ከዛሬ ጀምሮ ወኪሌ አይደለህም» ማለት አይበቃም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲገባ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ ያ ወረቀት በማን እጅ ነበር? ያን ጊዜ ከውጭ ሆኖ ወረቀቱን ማስመለስ የሚችል ማን ነበር? በውክልናው ግርጌ «እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ የሚሠራ» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ጭንቀት ያስቀር አልነበረም? ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ እንደሚቋረጥስ በሰፈራችን ስንቱ ያውቃል? ለቅሶው ሳያበቃ በሟች ስም የሚዋዋልን ሰው ሽማግሌ ተው ብሎት ያውቃል?

የማን ወገን ነህ?

ስለ አስጎብኚዎች ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አንድ እውነት አለ። የላሊበላ አስጎብኚ ከተማዋን ለዓለም የከፈተ ሰው ነው። የእያንዳንዱን ቤተ መቅደስ ታሪክ በቃሉ አጥንቶ፣ በባዕድ ቋንቋ አስረድቶ፣ ቤተሰብ አስተዳድሯል። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጎብኚውን ሲያስቀሩበት ያለ ገቢ ቀርቷል። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ እርሱ ባይጽፍ ይሻላል።

ሆኖም ጥያቄው አለ። ጎብኚው ለአስጎብኚው ከፍሎ «ይህን ጋቢ በደህና ዋጋ ግዛልኝ» ሲለው አስጎብኚው በዚያ ሰዓት የማን ወገን ነው? ከሱቁ ባለቤት በጎን ኮሚሽን ከተቀበለ፣ ኮሚሽኑም በጋቢው ዋጋ ላይ ከተጨመረ፣ የሚከራከረው ለማን ነው? ሆቴል ሲመርጥለት፣ ወደ አሸተን ማርያም መውጫ በቅሎ ሲከራይለት፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መኪና ሲይዝለትስ?

ቁጥር 2209ን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ሕጉ ወኪሉ ተጨማሪ ጥቅም ፈጽሞ አያግኝ አላለም፤ ወካዩ ሳያውቅ አያግኝ ነው ያለው። ታዲያ «ከዚህ ሱቅ ብትገዛ ለእኔ ይህን ያህል ይከፈለኛል» ብሎ ለጎብኚው መንገር ምን ያጎድላል? ጎብኚው የሚሄድ ከሆነ ኮሚሽኑ መጀመሪያውኑ የተገኘው ጎብኚው ባለማወቁ ነበር ማለት አይደለም? ደግሞስ ጥያቄው ለአስጎብኚው ብቻ ነው? ጥቂት ከፍሎ «ቀሪውን ከሱቅ ታገኘዋለህ» የሚል አስጎብኚ ድርጅት ካለ ሠራተኛውን በራሱ ደንበኛ ላይ እያሰማራው አይደለም? የጋቢውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ለሸማኔዋ ግን ያንኑ ዋጋ የሚከፍለው ነጋዴስ? በዚህ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ያለችው ፈታይ እናት ከሁሉም ያነሰ እንደምታገኝ አስበን እናውቃለን?

በተማሪ ስም ስለሚሰበሰበውም ልጠይቅ። አንድ ወጣት ጎብኚን አስቁሞ «ለትምህርት ቤታችን መጽሐፍ»፣ «ለቡድናችን ኳስ» ብሎ ገንዘብ ሲቀበል ትምህርት ቤቱ ያውቃል? ርእሰ መምህሩ ያውቃሉ? ችግሩ እውነተኛ መሆኑን አልክድም፤ ላስታ ውስጥ ደብተር ያጣ ልጅ አለ። ግን ያለ ውክልና በትምህርት ቤቱ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ሳይደርስ ሲቀር፣ በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛውን ልመና ማን ያምነዋል? የተቸገረው ልጅ ስሙን ተነጥቆ ዕርዳታውንም አጣ ማለት አይደለም?

ባለቤቱን ጠይቃችሁት ነበር?

ትልቁ ጥያቄ ያለው ግን ከሱቅና ከቤት ሽያጭ በላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ተሠርተው አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ሸፈኑ። ዓላማው መልካም ነበር። ዝናቡ ድንጋዩን እየበላው ነበር፤ አንድ ነገር መደረግ ነበረበት። መጠለያዎቹ ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ የብረት ምሰሶዎቹ ግን እዚያው ናቸው። የከተማው ሰው ነፋስ ሲነሣ ብረቱ ወድቆ ቅርሱን ያፈርሰዋል ብሎ ሰጋ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ መጠለያዎቹ እንዲነሡ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንዲጠገኑ ጠየቀ። በመጋቢት 2011 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን መጥተው አይተው አገራቸው በጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

ውክልና ከውል ብቻ ሳይሆን ከሕግም ሊመነጭ እንደሚችል ቁጥር 2179 ይናገራል። መንግሥት የቅርሱ ጠባቂ የሆነው በሕግ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከገንዘብ ሰጪና ከተቋራጭ ጋር ሲፈራረም ራሱን ወክሎ አልፈረመም፤ በላስታ ሕዝብ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ፣ በአገሪቱ ሁሉ ስም ነው የፈረመው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። ታዲያ በመጠለያው ጊዜ የተጠየቀው ማን ነው? በየትኛው ጉባኤ? ካህናቱ ናቸው? ሽማግሌዎቹ? በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በጎጆ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች? ውሉ በአማርኛ ተጽፎ የላሊበላ ሰው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ተቀምጦ ያውቃል? «ጊዜያዊ» የተባለው ጊዜ ሲያልቅ «አለቀ» ብሎ የማስታወቅ ግዴታው የማን ነበር? አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲሉ ይህን አላዩም ይሆን?

«ለሕዝቡ ጥቅም ነው የተሠራው» የሚል መልስ እሰማለሁ። ይሁን። በውክልና ሕግ ግን ጥቅም ፈቃድን አይተካም። ወኪሉ ከሥልጣኑ አልፎ ያደረገውን ወካዩ ሊቀበለው ወይም ሊጥለው ይችላል፤ ምርጫው የወካዩ ነው ይላል ቁጥር 2190። የ2011ዱ ሰልፍ ታዲያ ምን ነበር? ወካዩ «ይህን አልተቀበልሁትም» ብሎ በአደባባይ የተናገረበት ቀን አልነበረም? ከዚያ በኋላ የመጣው አዲስ ጥናት፣ አዲስ ገንዘብ፣ አዲስ ተቋራጭ ሲፈራረም መጀመሪያ የተጠየቀው ያ ሰልፈኛ ነው ወይስ እንደገና በስሙ ተፈረመለት? እስካልተጠየቀ ድረስ በመጀመሪያው ስህተት ላይ ሁለተኛውን ላለመጨመራችን ምን ማረጋገጫ አለን?

ሒሳቡስ?

ለዓመታት የውጭ ጎብኚ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት 50 የአሜሪካ ዶላር ይከፍል ነበር። ገንዘቡን የሚሰበስበው የአብያተ ክርስቲያናቱ አስተዳደር ነው። በዚያ ገንዘብ ብዙ አገልጋዮች ይተዳደራሉ፣ ቅዳሴው ይቀደሳል፤ ይህ የሚያስከብር እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በጥብቅ የሕግ ቋንቋ የምዕመኑ ወኪል እንዳልሆነችም አውቃለሁ፤ ገንዘቡ የራሷ ነው። ነገር ግን ገንዘቡን የሚቀበለው፣ የሚመዘግበው፣ የሚያወጣው ሰው ለራሱ አይቀበልም፤ በስሟ ነው የሚቀበለው። ቃለ ዓዋዲውም ካህናት፣ ምዕመናንና ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አብረው እንዲቀመጡ ያደረገው ለምንድን ነው? አንዱ በሌላው ስም ብቻውን እንዳይወስን አይደለም?

ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅ። ከአንድ ትኬት ስንት ብር ለድንጋዩ ጥገና ይውላል? ስንቱ ለአገልጋዮች? ስንቱ ለከተማው ውኃና መጸዳጃ? ይህ በዓመት አንድ ጊዜ በቁጥር ተጽፎ፣ ስለቱን ያስገባው ምዕመን በሚያነበው ቦታ ተለጥፎ ያውቃል? ከተለጠፈ ይቀጥል፤ ምስጋናዬን እሰጣለሁ። ካልተለጠፈ ደግሞ የሚያስፈራው ነገር ምንድን ነው? በጎ የሠራ ሰው ከሒሳብ የሚያተርፈው መመስገንን አይደለም?

«ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው»

የመጨረሻውን ተቃውሞ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «እኛ በእምነት የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ወንድምን ወረቀት መጠየቅ፣ ካህንን ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው» ይባላል። እውነት ነው? ቅሬውን፣ እድሩን፣ ሰንበቴውን ተመልከቱ። ገንዘብ ያዡ በአባላቱ ፊት ቆሞ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ለለቅሶ ወጣ፣ ይህ ቀረ» ሲል ማን ተቀይሞ ያውቃል? ማን ተሰድቦ ያውቃል? እንዲያውም ሒሳቡ ሲነበብ ገንዘብ ያዡ ይከበራል፤ ለሚቀጥለውም ዓመት ይመረጣል። የላስታ ሰው ሒሳብ መጠየቅን ከሕግ መጽሐፍ አልተማረውም፤ ከመንደሩ ይዞት የመጣ ነው። ታዲያ ለመቶ ብር የምንጠይቀውን ለሚሊዮን የማንጠይቀው ለምንድን ነው? ጎረቤታችንን የምንጠይቀውን ባለ ማኅተሙን ስንጠይቅ የምንፈራው ለምንድን ነው? የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ሲናገር ከእድሩ ሕግ የራቀ ነገር ተናገረ?

የማይጠየቅ ወኪል ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ታማኙን ወኪል ነው። ሐቀኛው አስጎብኚ ኮሚሽን በሚቀበለው ጓደኛው ስም ይጠረጠራል። አደራ ያልበላው ወንድም አደራ በበላው ወንድም ታሪክ ይሰጋበታል። በቅንነት የሚያገለግለው ካህን በሐሜት ይነካል። ጥያቄ እነዚህን ሰዎች ነጻ ያወጣቸዋል እንጂ ምን ይጎዳቸዋል?

መደረግ ያለበትም ከአቅም በላይ አይደለም። ከውጭ የሚላክ እያንዳንዱ ውክልና ንብረቱን በስሙ ይጥቀስ፣ ትንሹን ዋጋ ይወስን፣ ማብቂያ ቀን ይኑረው፣ ገንዘቡ የሚገባበትን ሒሳብ ይግለጽ፤ ኤምባሲዎችም ይህን ሳይጠይቁ አያረጋግጡ። የአስጎብኚዎች ማኅበር ኮሚሽን የሚከፍሉ ሱቆችንና ሆቴሎችን በግልጽ ለጎብኚ የማሳወቅ ደንብ ያውጣ፤ ድርጅቶችም አስጎብኚውን ከኮሚሽን የሚያድነው ክፍያ ይክፈሉት። በተማሪ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው የትምህርት ቤቱን ማኅተም ይያዝ፤ ጎብኚውም ያለ ማኅተም አይስጥ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የሚፈረም ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት በአማርኛ በሕዝብ ጉባኤ ይነበብ፤ የተናጋሪዎቹም ስምና ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የትኬቱም ሒሳብ በየዓመቱ ይለጠፍ።

ይህን ሁሉ ግን ማን ያስጀምረዋል? እዚህ ላይ ወደ ቁጥር 2213 ልመልሳችሁ። ወኪሉ ሒሳብ የሚያቀርበው «ወካዩ በጠየቀው ጊዜ» ነው። ሕጉ ግዴታውን ወኪሉ ላይ ጭኖ ጥያቄውን ግን ለወካዩ ትቶታል። የላስታ ሰው፣ የላሊበላ ምዕመን፣ ባሕር ማዶ ያለህ የደጋው ልጅ፤ ወካዩ አንተ ነህ። ካልጠየቅህ ያ አንቀጽ ስንት ዓመት ቢቆይ ማንንም አያስገድድም። ከጠየቅህ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ማለት የእነርሱ ጥፋት ይሆናል። እስካሁን ያልጠየቅነው ምን ይዞን ነው?